የድሬዳዋ ለገሃርና መንገደኛው

ከተሞች የሚቈረቈሩበት ምክንያት ልዩ ልዩ ነው። አንዱ ከተማ ታቦት በገባበት ደብር ዙሪያ ይሰፍራል፤ ሁለተኛው መኳንንት በተቀመጡበት አምባ ሥር ይመሠረታል፤ ሦስተኛው ደግሞ ነጋድያን ግመላቸውንና በቅሏቸውን አሳርፈው በሚገበያዩበት በውኃ ዳር ይነሣል። ላሊበላን፥ አንኮበርን፥ ጎንደርንና ሐረርን ብናስብ፥ ሁሉም ከእነዚህ ምክንያቶች በአንዱ ወይም በሁለቱ የቆሙ ሆነው እናገኛቸዋለን። ድሬዳዋ ግን ከእነዚህ የተለየች ናት። እርሷን ከተማ ያደረጋት የባቡር ጣቢያ ነው። ስለዚህ የድሬዳዋን ነገር ለመረዳት የሚሻ ሰው ሁሉ ከለገሃሩ መጀመር ይገባዋል።

በዚህ ጽሑፋችን ለክቡራን አንባብያን ለማስረዳት የምንወደው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የባቡር ጣቢያ ጥቅሙ የሚለካው መንገደኛው ከባቡር ከወረደ በኋላ ወደ ቤቱ፥ ወደ ገበያው ወይም ወደ ደብሩ እንዴት እንደሚደርስ በማየት መሆኑ ነው። ሕንፃው ቢያምር፥ ባቡሩም ቢፈጥን፥ ይህ ከጐደለ ጥቅሙ ግማሽ ይሆናል። ድሬዳዋ ይህን ትምህርት በሁለት ዘመን በሁለት ጣቢያዎች አሳይታናለች።

ባቡሩ ሐረርን ስለ ምን አለፋት?

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአማካሪያቸው ለስዊሱ ተወላጅ ለሙሴ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ እንዲያሠሩ ፈቃድ ሰጧቸው። ፈቃዱ እንደሚለው ሐዲዱ ከጂቡቲ ተነሥቶ ወደ ሐረር፥ ከሐረርም ወደ እንጦጦ፥ ከእንጦጦም ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ እንዲደርስ ነበር። ፈረንሳዊው ሙሴ ሌዎን ሸፍኔ ከሙሴ ኢልግ ጋር ተባብረው ማኅበሩን አቋቋሙ፤ ሥራውም በ1890 ዓ.ም. ከጂቡቲ ተጀመረ።

ሐዲዱ የኢሳን በረሃ አቋርጦ ወደ ደጋው ሲቀርብ ግን የሐረር ተራራ ፊት ለፊት ቆመበት። ድሬዳዋ ያለችበት ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ነው፤ ሐረር ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ ትገኛለች። በመካከላቸው ያለው የመኪና መንገድ ዛሬ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ የሚነሣውን ዳገት በቅሎ ትወጣዋለች፤ ባቡር ግን እንደ በቅሎ አይወጣም። የብረት መንኰራኵር በብረት ሐዲድ ላይ ሲሽከረከር እግሩ የሚቆነጥጠው ነገር ጥቂት ስለ ሆነ፥ ዳገቱ ትንሽ ሲበረታ ይንሸራተታል። ተራራውን በዙሪያ ጥምጥም ለመውጣት ወይም ለመሰርሰር ብዙ ገንዘብ ያስፈልግ ነበር፤ ማኅበሩ ደግሞ ከጅምሩ የገንዘብ ችግር አልተለየውም። ስለዚህ ሐዲዱ ሐረርን በስተ ደቡብ ትቶ በተራራው ግርጌ በኩል እንዲያልፍ ተፈቀደ።

በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ባቡሩ በደቻቱ ወንዝ አጠገብ ከተዘረጋው ሜዳ ደረሰ። ለአዲሱ ሰፈር «አዲስ ሐረር» የሚል ስም ተሰጥቶት ነበር፤ ነገር ግን በአገሬው አፍ የነበረው «ድሬዳዋ» የተባለው ስም ጸና፥ ሌላውም ተረሳ። ከዚያ በኋላ ማኅበሩ ገንዘብ ስላለቀበትና ኋላም ስለ ከሰረ ሥራው ቆመ፤ ሌላ ማኅበርም እስኪተካና ሐዲዱ ወደ ምዕራብ መቀጠል እስኪጀምር ድረስ ለብዙ ዓመታት የባቡሩ መጨረሻ ድሬዳዋ ሆና ቆየች። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መንገደኛ ከዚያ ወርዶ የቀረውን ጕዞ በበቅሎ ይፈጽም ነበር። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ጠቅላላው የመሥመሩ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ከዚህ ውስጥ ከጂቡቲ እስከ ድሬዳዋ ያለው 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

እንግዲህ የማኅበሩ መክሰር ለባለ ገንዘቦቹ ጕዳት ቢሆንም ለድሬዳዋ ግን መቋቋሚያ ሆናት። ባቡር ባለቀበት ስፍራ መጋዘን ያስፈልጋል፤ ማደሪያ ያስፈልጋል፤ ጉምሩክ ያስፈልጋል፤ የተበላሸውን የሚጠግን ፋብሪካና ባለሙያም ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ በድሬዳዋ ተደራጀ። የባቡሩ ዋና የጥገና ሥራ ቤት በዚያው በመቋቋሙ ብረት የሚያቀልጠው፥ የሚቀጠቅጠው፥ የሚሞርደውና የሚበይደው ሠራተኛ ሁሉ እዚያ ሠለጠነ። አባት ለልጁ ሙያውን አውርሶ፥ ልጅም ለልጁ አውርሶ፥ «የሽመንደፈር ልጆች» የሚባል ወገን ተፈጠረ። ሽመንደፈር ማለት በፈረንሳይኛ የብረት መንገድ ማለት ነው።

ስለ ቃል ካነሣን ዘንድ፥ ባቡሩ ያራገፈው ጨውና ጨርቅ ብቻ እንዳልሆነ ማስታወስ ይገባል። ለገሃር የምንለው ፈረንሳዮች ጣቢያን የሚጠሩበት ቃል ነው፤ ፉርጎም ከእነርሱ የመጣ ነው። ሐዲድ ደግሞ በዐረብኛ ብረት ማለት ነው። ዛሬ ሕፃናት ሳይቀሩ እንደ ገዛ ቋንቋቸው አድርገው የሚናገሯቸው እነዚህ ቃላት በዚያ መሥመር የገቡ መንገደኞች ናቸው።

በለገሃሩ ደጃፍ የነበረው መገናኛ

የድሮው ለገሃር የቆመው ከዚራ በሚባለው ሰፈር ነው። ከዚራ መንገዶቹ ቀጥ ቀጥ ብለው የተቀየሱ፥ ዛፍ የተተከለባቸው፥ የባቡሩ ሹማምንትና ሠራተኞች የሰፈሩበት ክፍል ነው። ከደቻቱ ማዶ ያለው መጋላ ደግሞ ጠባብ ጠባብ መንገዶች ያሉት የንግድ ሰፈር ሲሆን፥ ቀፊራ የሚባለው ትልቅ ገበያ በዚያ ይገኛል። ደቻቱ በበጋ የአሸዋ ሜዳ ነው፤ ሰውም ከብትም ያቋርጠዋል። በክረምት ግን ከተራራው የወረደውን ውኃ ይዞ ሲመጣ ምን ያህል አስፈሪ እንደ ሆነ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የመጣውና ከ200 በላይ ሰዎች የሞቱበት ጐርፍ አሳይቶናል።

አሁን የለገሃሩን አቀማመጥ እናስተውል። መንገደኛው ከባቡር ወርዶ ከበሩ ሲወጣ በከተማይቱ መሐል ይቆማል። ጋሪው በደጃፉ ይጠብቀዋል፤ በኋላ ዘመን ደግሞ ድሬዳዋን የሚያውቅ ሁሉ የማይረሳው ፔጆ ታክሲ ተተካ። ዕቃ የሌለው ሰው በእግሩ ሄዶ ገበያ ይገባል። ወደ ሐረር የሚሄደው መንገደኛ አስቀድሞ በበቅሎ፥ ኋላም በመኪና ተሳፍሮ የደንገጎን ዳገት ይወጣል። ከደንገጎ ላይ መንገዱ ሁለት ይሆናል፤ በስተ ምሥራቅ ወደ ሐሮማያና ወደ ሐረር፥ በስተ ምዕራብ ወደ ቁልቢና ወደ ጭሮ ይሄዳል። የሐረርጌ ቡና፥ ፍራፍሬና አትክልት በዚሁ ዳገት እየወረደ ለገሃር ይደርሳል፤ ከባሕር የመጣው ጨርቅና ሸቀጥ ደግሞ በዚሁ ዳገት ወደ ደጋው ይወጣል። ደጋና ቆላ፥ ግመልና ባቡር፥ ኦሮሞና ሱማሌ፥ አማራና ሐረሪ፥ ዐረብና ግሪክ በአንድ አደባባይ የተገናኙት ለገሃሩ በመካከላቸው ስለ ቆመ ነው።

ይህ መገናኛ ለክርስቲያን ቤተ ሰብም ታላቅ አገልግሎት ሰጥቶ ነበር። ራስ መኰንን ያሠሩት የቁልቢ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በዓሉ በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ቀን ሲከበር ከየአውራጃው ምእመናን ስእለታቸውን ይዘው ይጓዛሉ። ባቡሩ በሚሠራበት ዘመን ከአዲስ አበባ፥ ከአዳማና ከአዋሽ የተነሣው ተሳላሚ ድሬዳዋ ወርዶ፥ ከለገሃሩ በደንገጎ በኩል ወደ ቁልቢ ይወጣ ነበር። ባቡሩ በሚያልፍበት በአሰቦትም የደብረ ወገግ ቅድስት ሥላሴ ገዳም አለ፤ ወደዚያ የሚሄደው ተሳላሚ ከተራራው ግርጌ ከጣቢያው ይወርዳል። እናቶች በአገልግል ድርቆሽና ቆሎ፥ በኮዳ ውኃ ይዘው፥ ልጆቻቸውን በመስኮት አጠገብ አስቀምጠው በሚጓዙበት በዚያ ሦስተኛ ማዕርግ ሠረገላ ውስጥ የማይተዋወቀው ተዋውቆ፥ ዝክርም ተጣጥቶ ይወርድ ነበር። በየጣቢያው መስኮት ሥር ብርቱካን፥ የግመል ወተትና የተቀቀለ ዕንቍላል የሚሸጡ ሴቶችም ልጆቻቸውን ያሳደጉት ከዚያ በሚያገኙት ሣንቲም ነው።

ባቡሩ እንዴት ደከመ?

የዚህ መሥመር ታሪክ ሁሉ ደስታ አይደለም። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከጠላት ወረራ የተነሣ ወደ ስደት የሄዱት በዚሁ ሐዲድ ነው። በ1969 ዓ.ም. የሱማሌ ጦር በወረረ ጊዜ ድሬዳዋ ራሷ ተወጋች፤ ሐዲዱና ድልድዮቹም ተሰባብረው ባቡሩ ቆሞ ነበር። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ አጠገብ የሕዝብ ማመላለሻ ባቡር ከመጠን ባለፈ ፍጥነት ወደ ጠመዝማዛው ገብቶ ከሐዲዱ ወጥቶ በመገልበጡ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ ከከፉት አንዱ ይህ ነው።

ባቡሩን ቀስ በቀስ ያደከመው ግን ሌላ ነገር ነው። ሐዲዱ ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ ነበር፤ በዚህ ጠባብ ሐዲድ ላይ ትልቅ ጭነት በፍጥነት ማስኬድ አስቸጋሪ ነበር። ድልድዮቹ አረጁ፥ መለዋወጫ ጠፋ፥ የሚገባው ጥገናም በጊዜው አልተደረገም። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት በተነሣ ጊዜ የኢትዮጵያ የባሕር ንግድ ከአሰብ ወደ ጂቡቲ ዞረ። ባቡሩ ከምን ጊዜውም ይልቅ የተፈለገው ያን ጊዜ ነበር፤ ነገር ግን ሸክሙን ሊሸከም የሚችል ጕልበት ስላልነበረው ጭነቱን ሁሉ የጭነት መኪናዎች ወሰዱት። ለማደስ የተጀመረውም ሥራ ከፍጻሜ ሳይደርስ፥ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሚመላለሰው ባቡር ቆመ።

ባቡር ሲቆም የሚቆመው ሞተሩ ብቻ አይደለም። እንደ አፍደም፥ እንደ ኤረርና እንደ አይሻ ያሉ ትናንሽ ጣቢያዎች ይኖሩ የነበሩት በባቡሩ ነበር። ብርቱካን ሻጯ ገዢ አጣች፤ ፍራፍሬውም በዛፉ ሥር ወደቀ። በድሬዳዋም የጥገናው ሥራ ቤት ጸጥ አለ፤ የሠለጠነውም ባለሙያ ጡረታ ወጣ ወይም በሌላ ሥራ ተበተነ።

አዲሱ ባቡርና አዲሱ ችግር

ከዚህ በኋላ በአሮጌው ፈንታ ፍጹም አዲስ መሥመር በቻይና መሐንዲሶች ተሠራ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ከታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጀምሮም መደበኛ አገልግሎት መስጠት ጀመረ። ርዝመቱ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ የሐዲዱ ስፋትም 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ስፋቱ ስለ ተለየ የድሮው ሠረገላ በአዲሱ ሐዲድ ላይ ሊሄድ አይችልም። ይህ ለአገራችን ታላቅ ሀብት መሆኑን የሚክድ የለም። ማዳበሪያና ስንዴ፥ ብረትም ከወደብ የሚያመጣ፥ ቡናችንንም ወደ ወደብ የሚያደርስ ጠንካራ ጫንቃ ተገኝቷል።

ነገር ግን አዲሱ መሥመር በድሮው ለገሃር አያልፍም። የድሬዳዋ አዲስ ጣቢያ ከከተማው ውጭ በሜዳ ላይ ቆሟል። በአዲስ አበባም መንገደኛው የሚሳፈረው ከለገሃር መሆኑ ቀርቶ ከከተማው ዳር ከፉሪ ለቡ ሆኗል። ይህ ያለ ምክንያት የተደረገ አይደለም። ፈጣን ባቡር ጠባብ ጥምዝ አይወድም፤ ረዥም የጭነት ባቡር ሰፊ ሜዳ ይሻል፤ በተሠራ ከተማ መካከል አዲስ ሐዲድ መዘርጋት ደግሞ የብዙ ሰው ቤት ማፍረስ ነው። ለጭነት ከሆነ ከከተማ መራቁ ጥቅም እንጂ ጕዳት የለውም።

ጕዳቱ ያለው በመንገደኛው ላይ ነው። ጭነት ታጋሽ ነው፤ መኪና እስኪመጣ ድረስ ቢጠብቅ አይራብም፥ አይፈራም። ሕፃን ያዘለች እናት ግን፥ ምርኵዝ የያዙ አዛውንት ግን፥ ወደ ሐኪም የሚወሰድ በሽተኛ ግን እንዲህ አይደሉም። በባቡሩ ፍጥነት ያተረፉትን ሰዓት በጣቢያው በር ላይ መኪና ሲፈልጉ ያጠፉታል። ለባቡሩ የከፈሉት ዋጋ ቢቀል፥ በመነሻም በመድረሻም ለባጃጅና ለታክሲ የሚከፍሉት ተደምሮ ከአውቶቡሱ ዋጋ ጋር ሊስተካከል ይችላል። አውቶቡስ ደግሞ ምንም እንኳ 500 ኪሎ ሜትር የሚያህለው መንገድ አድካሚ ቢሆን፥ ከከተማው መሐል ተነሥቶ ከከተማው መሐል ያወርዳል። እንግዲህ ቤተ ሰብ የሚመርጠው ባቡሩን ከአውቶቡሱ ጋር ብቻ አመዛዝኖ አይደለም፤ ከደጁ እስከ ደጁ ያለውን መንገድ ሁሉ ያመዛዝናል።

የቀደሙት ሰዎች በዚህ ረገድ ያደረጉትን እናስተውል። ሐረር ከሐዲዱ በቀረች ጊዜ ችግሩ ከዛሬው ይበልጥ ነበር፤ በመካከል ያለው ሜዳ ሳይሆን ተራራ ነውና። ሆኖም መንገዱን ቀይሰው፥ መጋዘኑን በለገሃሩ አጠገብ ሠርተው፥ የጭነቱን ከብትና ኋላም መኪናውን ከባቡሩ ጋር ስላገናኙት ሐረር ከባቡሩ ጥቅም አልተለየችም። ተራራ ያልከለከለውን መገናኛ ሜዳ ሊከለክለው አይገባም።

ስለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ባቡሩ በሚደርስበትና በሚነሣበት ሰዓት ከአዲሱ ጣቢያ ወደ ድሮው ለገሃር፥ ወደ ገበያውና ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው የሚመላለስ ዋጋው የታወቀ አውቶቡስ ቢመደብ፥ ከዚያም ወደ ሐረርና ወደ ቁልቢ የሚሄደው መኪና ተያይዞ ቢነሣ፥ ጣቢያው ለከተማይቱ እንደ ገና ደጃፍ ይሆናታል። በቁልቢ በዓል ሰሞን ብቻ እንኳ ይህ ቢደረግ በጨለማ በጠመዝማዛው መንገድ ላይ የሚጋፋው የመኪና ብዛት ይቀንሳል፤ በየዓመቱ የምንሰማውም የመንገድ ላይ ሐዘን ይቃለላል።

ከቤተ ሰብ የሚፈለገው ምንድን ነው?

መንግሥት የሚሠራው እንዳለ ሆኖ፥ ቤተ ሰብም በበኩሉ የሚያደርገው አለ። በመጀመሪያ፥ በባቡር የሚጓዝ ሰው የባቡሩን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ከጣቢያው የሚቀበለውንም ሰው ወይም መኪና ከመነሣቱ በፊት ያዘጋጅ። በተለይ አረጋውያንንና ሕፃናትን የሚልክ ቤተ ሰብ ትኬት ከመቍረጡ በፊት «ከጣቢያው ማን ይቀበላቸዋል?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ወደ ቁልቢ በማኅበር የሚሄዱ ምእመናንም ከጣቢያው የሚያደርስ አንድ መኪና በጋራ ቢከራዩ ወጪውም ድካሙም ይቀልላቸዋል።

ሁለተኛው ነገር ስለ ዕውቀት ነው። በድሬዳዋ በጥገናው ሥራ ቤት ያገለገሉ አባቶች ዛሬ ጥቂቶች ናቸው። የእንፋሎቱን ዘመን ከአባቶቻቸው የሰሙ፥ በናፍጣው ዘመን ራሳቸው የሠሩ፥ ከአሮጌ ብረት መለዋወጫ ቀርጸው ባቡሩን ለብዙ ዓመታት ያስኬዱ ባለሙያዎች ናቸው። ይህ ሙያ በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ በእጃቸውና በአእምሯቸው ያለ ነው። እንዲህ ያለ አባት ወይም አያት በቤታችሁ ካለ፥ ከትምህርት ቤት የተመለሰው ልጅ ደብተሩን ይዞ በአጠገቡ ይቀመጥ፤ ሞተሩ እንዴት እንደሚነሣ፥ ድልድዩ እንዴት እንደሚመረመር፥ በሌሊት ባቡር ሲመጣ በየጣቢያው እንዴት እንደሚላላኩ ይጠይቀውና ይጻፈው። የአዲሱን ባቡር ሞተር የሚነዱትና የሚጠግኑት የኢትዮጵያ ልጆች እንዲሆኑ ከፈለግን፥ ትምህርታቸው የሚጀምረው ከእነዚህ አባቶች አክብሮት ነው። አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ ቢሄድም ብሎኑ የሚላላው፥ ሐዲዱም በፀሐይ የሚለጠጠው እንደ ድሮው ነው። አሮጌው ባቡር ስለ ምን እንደ ሞተ ያልተማረ ሰው አዲሱን ጠብቆ ሊያቆይ አይችልም፤ የሞተው ጥገና በጊዜው ስላልተደረገለት ነውና።

ሦስተኛ፥ የድሮው ለገሃርና ሥራ ቤቱ የከተማይቱ መወለጃ ስለ ሆኑ በክብር ሊጠበቁ ይገባል። አሮጌ ሞተር በዝገት ወድቆ ሲታይ ብረት ብቻ ይመስላል። ነገር ግን መምህር ተማሪዎቹን ወስዶ በፊቱ ቢያቆማቸው፥ ስለ እንፋሎት ኃይልም፥ ስለ አገር ታሪክም፥ ስለ ንግድም በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያስተምርበት ሰሌዳ ይሆንለታል። በድሬዳዋ የምትኖሩ ወላጆች ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ስለ ምን ከተማችን በዚህ ስፍራ ተቈረቈረች ብለው ሲጠይቋችሁም መልሱን ንገሯቸው።

ድሬዳዋን ያሳደጋት ከባቡር የወረደውን መንገደኛ ተቀብላ ወደሚሄድበት ማድረሷ ነበር። አዲሱ ሐዲድ ከደጃፏ ጥቂት ራቅ ብሎ ቢያልፍም መቀበሉን እስካልተወች ድረስ አይጐዳትም። የሚያስፈልገው ያቺን ጥቂት መንገድ መሙላት ነው፤ ሕፃን ያዘለችው እናት ከባቡሩ ስትወርድ መንገዷ የሚቀጥልበትን አውቶቡስ ከጣቢያው በር ላይ ልታገኘው ይገባታል።